ክቤ እንቁላል ሆነ፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። ጃቫስክሪፕት አንድ ዓመት ያህል ጽፌያለሁ፤ ድረ ገጽ መሥራት አያቅተኝም። በኮድ ሥዕል መሥራት ግን ሌላ ዓለም ሆነብኝ። ሼደርቶይ በተባለው የሼደር ኮድ መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ የሚያምር ሥራ ሳይ ኮዱን እገለብጥና ቁጥሮቹን እነካካለሁ። አንዳንዴ ያምራል፣ አንዳንዴ ጥቁር ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ታዋቂ ረቂቅ ሥዕሎችን በሼደር (በግራፊክስ ካርዱ ላይ በሚሠራ የሥዕል ኮድ) መልሶ መሥራት ጥሩ መማሪያ ነው ሲባል ሰምቼ የሠዓሊውን የካንዲንስኪን «ቅንብር 8» ያዝኩ። ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ሩቡን እንኳ አልጨረስኩም። ክቦቼ እንቁላል ይሆናሉ፣ ጠርዛቸው የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፣ ኮምፒውተሬ ላይ ደህና የነበረው ስልኬ ላይ ይበላሻል። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድም የለኝም። ልተወው ወይስ የምገባበት ሌላ በር አለ?

ክቡ እንቁላል የሆነበት

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ አይተዉት። ዘዴው ልክ ነው፤ የተሳሳተው የሥዕሉ ምርጫ ነው። ካንዲንስኪ «ቅንብር 8»ን እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሠራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እያንዳንዱን ክብ፣ እያንዳንዱን ሦስት ማዕዘንና ሰረዝ ለብቻው መዝኖ ነው ያስቀመጠው። አንዱን ቅርጽ ሠርተው ሲጨርሱ ለቀጣዩ የሚተርፍ ነገር የለም፤ እንደገና መለካት፣ እንደገና ቁጥር መጻፍ ነው። ሦስቱን ሳምንት የበላብዎ ሜትር ይዞ መዞር እንጂ ኮድ አይደለም።

ለጀማሪ የሚሆነው ሕጉ በአፍ የሚነገር ሥዕል ነው። እንዲህ ይፈትኑት፦ ሥዕሉን አይቶት ለማያውቅ ሰው በስልክ ቢነግሩት፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል? ከቻለ ይያዙት። «ከላይ በስተግራ ትልቅ ክብ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ...» እያሉ ሃያ ደቂቃ ከፈጀብዎ ይለፉት። ኮዱን ከመክፈትዎ በፊት ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ይጻፏቸው፤ ኮዱ የእነሱ ትርጉም ነው የሚሆነው። አብዛኛው ሰው በሠዓሊው በሞንድሪያን ይጀምራል፤ እኛ አንመክርም። ጥቁር መስመሮቹና ባለ ሦስት ቀለም ሳጥኖቹ ቀላል ይመስላሉ፤ የመስመሮቹ ቦታ ግን በዓይን የተመዘነ ስለሆነ በስልክ የሚነገር ሕግ የለውም። ካንዲንስኪ ያስመረረዎት ልኬት በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል።

ከሥዕሉ በፊት አንድ ልማድ መገልበጥ አለበት። ጃቫስክሪፕት ላይ «እዚህ ቦታ ክብ ሣል» ብለው ያዝዛሉ። ፍራግመንት ሼደር (የፒክሰልን ቀለም የሚወስነው የሼደር ዓይነት) ውስጥ ሣል የሚባል ትእዛዝ የለም። የጻፉት ኮድ ለእያንዳንዱ ፒክሰል (የስክሪኑ ነጥብ) ለየብቻ ይሠራል። ፒክሰሉ የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ነው፤ ጎረቤቱ ምን እንደመለሰ አያይም። የሚጠየቀውም «እዚህ የቆምከው፣ ቀለምህ ምንድን ነው?» ተብሎ ብቻ ነው። 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ 2,073,600 ፒክሰል አለ፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ ጥያቄው ከ124 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጠየቃል ማለት ነው። ስለዚህ «ክብ ሣል» የሚለው «ከመሃሉ ያለኝ ርቀት ከ0.3 ያንሳል ወይ?» ወደሚል ጥያቄ ይቀየራል። ይህ እስኪዋሃድዎ ድረስ የሌላ ሰው ኮድ መነካካት ብዙ አያስተምርም፤ የሚነኩት ቁጥር የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ አያውቁማ።

የመጀመሪያ ሥራዎ የጆሴፍ አልበርስ «ለካሬ ክብር» ይሁን። አልበርስ ይህን ተከታታይ ሥራ በ1950 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1976 አልተወውም፤ ከሺህ በላይ ሥዕል ወጥቶታል። ሁሉም አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ወይም አራት ካሬዎች ናቸው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሸራውን በወርድም በቁመትም 10 ቦታ ይክፈሉት። የካሬዎቹ ጎን 10፣ 8፣ 6 እና 4 ነው። መሃል ለመሃል አይቀመጡም፤ ወደ ታች ያዘነብላሉ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከታች ግማሽ፣ ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ፣ ከላይ አንድ ተኩል ቦታ ይቀራል፤ 1 ለ2 ለ3 ማለት ነው። ይኸው፣ በስልክ ተነግሮ አለቀ።

አሁን ወደ ኮዱ። የፈንክሽኖቹን ስም እንደ አነባበባቸው ነው የምንጽፈው፤ ኮዱ ውስጥ በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይገባሉ። ሼደርቶይ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ፍራግኮርድ የተባለ አድራሻ ይሰጠዋል፤ ቆጠራው ከታች ከግራ ጥግ ይነሣል። ብዙ ሰው ኤክሱን በስክሪኑ ወርድ፣ ዋዩን በቁመቱ ያካፍልና ሁለቱንም ከ0 እስከ 1 ያደርጋቸዋል። የእርስዎ እንቁላል የተወለደው እዚህ ጋ ነው። 1920 ፒክሰልም «አንድ»፣ 1080 ፒክሰልም «አንድ» ሲባሉ፣ የጎኑ አንድ ከቁመቱ አንድ 1.78 ጊዜ ያህል ይረዝማል፤ ክቡም በዚያው ልክ ወደ ጎን ይለጠጣል። መድኃኒቱ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ማካፈል ነው፦ ከአድራሻው የስክሪኑን ግማሽ ይቀንሱ፣ የቀረውን ኤክስም ዋይም በቁመቱ ያካፍሉ። ዜሮ መሃል ላይ ይቀመጣል፤ ቁመቱ ከ−0.5 እስከ 0.5 ይሆናል። ስክሪኑ እንደ ስልክ የቆመ ከሆነ ከወርዱና ከቁመቱ በሚያንሰው ያካፍሉ። ለአልበርስ ደግሞ ውጤቱን በ12 አባዝተው 5 ይደምሩበት፤ ሸራው ከ0 እስከ 10 ይይዝና ዙሪያውን አንድ አንድ ቦታ ለግድግዳው ይተርፋል።

ቀጥሎ ካሬው። ከፒክሰሉ ኤክስ ላይ 5፣ ከዋዩ ላይ የካሬውን መሃል ከፍታ ይቀንሱ። በአብስ የሁለቱንም የመቀነስ ምልክት ያጥፉ፣ በማክስ ትልቁን ይውሰዱ፣ ከዚያ ላይ የጎኑን ግማሽ ይቀንሱ። የሚወጣው ቁጥር ካሬው ውስጥ ላለ ፒክሰል ከዜሮ በታች፣ ጠርዙ ላይ ዜሮ፣ ውጭ ከዜሮ በላይ ነው። የአራቱ ካሬዎች መሃል ከፍታ 5፣ 4.5፣ 4 እና 3.5 ነው። አራት ጊዜ ለየብቻ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ከ0 እስከ 3 የሚቆጥር ሉፕ ከፍተው ጎኑን «10 ሲቀነስ 2 ጊዜ ተራ ቁጥሩ»፣ መሃሉን «5 ሲቀነስ 0.5 ጊዜ ተራ ቁጥሩ» ብለው ሲጽፉት ሕጉ ራሱ ኮዱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልብ ይበሉ፣ የሉፑ ቆጣሪ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ከማባዛትዎ በፊት ወደ ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) መቀየር አለበት። በዌብጂኤል (በአሳሽ ውስጥ ግራፊክስ በሚያሠራው ሥርዓት) የሚሠራው የሼደር ቋንቋ ጂኤልኤስኤል 5ን እና 5.0ን አንድ አድርጎ አያይም፤ ጀማሪን ጥቁር ስክሪን ላይ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የተረሳች ነጥብ ናት። የስህተቱ መልእክት የመስመሩን ቁጥር ስለሚነግርዎ ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት እሱን ያንብቡ።

አሁን ጠርዙ። ስቴፕ ቁጥሩን ከገደብ ጋር አነጻጽሮ 0 ወይም 1 ብቻ ነው የሚመልሰው፤ መካከለኛ የለውም። ቀጥ ብሎ በቆመ ካሬ ላይ አያስታውቅም፤ ክብና ሰያፍ መስመር ላይ ግን የጻፉልን የመጋዝ ጥርስ ይወጣል። ስለዚህ ከአሁኑ ስሙዝስቴፕን ይልመዱ፤ ከጠርዙ በታች አንድ ፒክሰል ላይ ተነሥቶ ከጠርዙ በላይ አንድ ፒክሰል እስኪደርስ ከ0 ወደ 1 ይሻገር። የአንድ ፒክሰል ስፋት በእኛ ልክ 12 ሲካፈል ለስክሪኑ ቁመት ነው፤ 1080 ላይ 0.011 ያህል። ሚክስ ደግሞ በዚህ ቁጥር አዲሱንና ነባሩን ቀለም ያዋህዳል፤ አዲሱ ቀድሞ ይጻፋል፣ ምክንያቱም ካሬው ውስጥ መልሱ 0 ነው። ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሂዱ፤ ተራውን ካዛቡት የመጨረሻው ትልቅ ካሬ ሁሉንም ሸፍኖ አንድ ወጥ ቀለም ያያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራት አንዲት ጥፋት አለች። ውስጡ 1፣ ውጩ 0 እንዲሆን ሲፈልጉ ለስሙዝስቴፕ ትልቁን ገደብ አስቀድመው ትንሹን ያስከትላሉ። አንዱ ማሽን ላይ እንደፈለጉት ይሠራል፤ ሌላው ላይ አይሠራም፤ የቋንቋው ደንብ ገደቦቹ ሲገለበጡ የሚወጣውን ውጤት አልወሰነማ። ትንሹን አስቀድመው ውጤቱን ከ1 ላይ ይቀንሱ። «ስልኬ ላይ ይበላሻል» ያሉት ከዚህ ሊሆን ስለሚችል የቀድሞ ኮድዎን በዚህ ዓይን ይመልከቱት።

ቀለሙን ከፎቶ ሲወስዱ፣ የቀለም መምረጫው 200፣ 30፣ 25 ካለዎ እያንዳንዱን በ255 ያካፍሉ፤ 0.784፣ 0.118፣ 0.098 ይሆናል። ቦታ ከፎቶ ከወሰዱ ደግሞ የምስል ፕሮግራሞች ከላይ ወደ ታች እንደሚቆጥሩ አይርሱ፤ ሼደሩ ከታች ወደ ላይ ነው። ካልገለበጡት የአልበርስ ካሬዎች ወደ ጣሪያው ይንጠለጠላሉ።

ካሬዎቹ ከተሠሩ በኋላ ሥራው አላለቀም፤ አልበርስ ያን ሁሉ ዓመት ሲያጠና የነበረው ቀለምን ነውና። ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የውስጠኛው ካሬ በሁለቱም አንድ ዓይነት መካከለኛ ግራጫ፣ ሁሉም ክፍሎቹ 0.5 ይሁን። የግራውን ዙሪያ ጥቁር ሰማያዊ፣ የቀኙን ፈዛዛ ቢጫ ያድርጉት። አንዱ ግራጫ ከሌላው የፈካ ይመስልዎታል። ቁጥሩን ሄደው ደግመው እንደሚያጣሩት አንጠራጠርም።

ሁለተኛው ሥራ ራሱ ካንዲንስኪ ነው፤ ግን የ1913ቱ «ካሬዎች ከክብ ቀለበቶች ጋር»፣ ሙኒክ ሌንባህሃውስ ሙዚየም ያለው። ወደ ጎን 4፣ ወደ ታች 3፣ በጠቅላላው 12 ሳጥን፤ በየሳጥኑ ውስጥ አንዱ ሌላውን የከበበ የቀለም ቀለበት። ከእንቁላሉ ያዳነዎትን ቦታ በ3 አባዝተው ለኤክሱ 2፣ ለዋዩ 1.5 ይደምሩበት፤ ወረቀቱ ከ0 እስከ 4 እና ከ0 እስከ 3 ይሆናል። ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር ይወጣል፦ በፍሎር (ቁጥሩን ወደ ታች ወደ ሙሉ ቁጥር በሚያወርደው) «የስንተኛው ሳጥን ነዋሪ ነኝ» የሚለው፣ በፍራክት (ከነጥቡ በኋላ ያለውን ትርፍ በሚይዘው) ደግሞ «ሳጥኑ ውስጥ የት ቆሜያለሁ» የሚለው። ከፍራክቱ ላይ 0.5 ሲቀንሱ ዜሮ የየሳጥኑ መሃል ላይ ያርፋል። አሥራ ሁለት ክብ አልሣሉም፤ አንድ ክብ ሥለው ቦታውን ነው አሥራ ሁለት ጊዜ ያጠፉት።

በሌንግዝ ከመሃሉ ያለውን ርቀት ያግኙ፣ በ12 ያባዙ፣ በፍሎር ይቁረጡ፤ ይህ የቀለበቱ ተራ ቁጥር ነው። ወደ ጎን ስድስት ሙሉ ቀለበት ይገባል፤ ጥጎቹ ላይ ርቀቱ እስከ 0.707 ስለሚሄድ ቁጥሩ 8 ድረስ ይደርሳል። ለቀለሙ ከሳጥኑ ቁጥርና ከቀለበቱ ቁጥር ዘፈቀደ የሚመስል ቁጥር የሚያወጣ ፈንክሽን ያስፈልጋል፤ ሃሽ ይባላል። ሃሹን የፒክሰሉን ቦታ ከመገቡት ሥዕል ሳይሆን ጣቢያው የጠፋ ቴሌቪዥን ያያሉ፤ የሚመገበው የሳጥኑና የቀለበቱ ቁጥር ነው። ሰዓቱን ከደመሩበት ደግሞ በየፍሬሙ ቀለሙ ይለዋወጥና ዓይን ያጠፋል፤ እንዲለወጥ ከፈለጉ የሰዓቱን ፍሎር ይመግቡት፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀየራል።

ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ሦስት ዘፈቀደ ቁጥር ካደረጉት የሚወጣው የልጆች ከረሜላ መደብ ነው። ከሥዕሉ ላይ ስምንት ቀለም ይልቀሙ፦ አራት ብሩህ፣ አራት ጠቆር ያለ። ተራ ቁጥሩ ሙሉ ለሙሉ ለ2 የሚካፈል ቀለበት ከብሩሆቹ፣ ሌላው ከጠቆሮቹ ይምረጥ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ጎረቤት ቀለበቶች አንድ ቀለም ይዘው አይዋሃዱም፤ ከስምንቱ በነፃ ቢመርጡ ግን ከስምንት አንዱ ጥንድ ገደማ ተዋህዶ ቀለበት የጎደለ ይመስላል።

አሁንም ሥዕሉ ደረቅ ነው፤ የካንዲንስኪ ቀለበቶች በእጅ የተሠሩ ናቸው፣ ያዘነብላሉ፣ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ብዙዎች በኤታን ማዕዘኑን አውጥተው ለኖይዝ (ቀስ እያለ ለሚለዋወጥ ዘፈቀደ ቁጥር) ይመግቡና ርቀቱን በዚያ ያወዛውዛሉ። ያኔ በእያንዳንዱ ክብ ግራ በኩል ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ምክንያቱም ማዕዘኑ እዚያ ጋ ሲደርስ ከ3.14 ወደ −3.14 ይዘላል፤ የሁለቱ ኖይዝ አንድ አይደለም። ማዕዘኑን ይተዉት። ሌንግዝ ከማስላትዎ በፊት ቦታውን ራሱን በኖይዝ ትንሽ ይግፉት፤ ኖይዙን የሚመግቡትም ከፍራክት በፊት ያለውን ቦታ በ3 አባዝተው ነው፣ አለዚያ አሥራ ሁለቱም ሳጥኖች አንድ ዓይነት መንቀጥቀጥ ይንቀጠቀጣሉ። የግፊቱ መጠን 0.03 ይሁን። የአንድ ቀለበት ውፍረት 0.083 ነው፤ ግፊቱ ከዚያ ካለፈ ቀለበቱ ቀለበትነቱን ይተውና እንደ እብነ በረድ ይዥጎረጎራል። መጥፎ አይደለም፣ ግን ካንዲንስኪ አይደለም።

በዚሁ ሥራ ላይ ቀለምን ከቀለም ቀስ በቀስ ማዋሃድ ከፈለጉ፣ ቀይና አረንጓዴን በሚክስ ሲያገናኙ መሃሉ የጭቃ ቀለም ይሆንብዎታል። የስክሪን ቁጥሮች ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል አይሄዱም። ከማዋሃድዎ በፊት ሁለቱንም ቀለም በ2.2 ኃይል ከፍ ያድርጉ፣ ከተዋሃዱ በኋላ በ1/2.2 ይመልሱ።

ሦስተኛው የብሪጀት ራይሊ «እንቅስቃሴ በካሬዎች» ነው፣ 1961። የዳማ ሰሌዳ ነው፤ የሳጥኖቹ ቁመት አይለወጥም፣ ወርዳቸው ግን ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ወዳለ እጥፋት ሲጠጉ እየጠበበ ይሄዳል፣ ሰሌዳው ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል። ይህን ሳጥን በሳጥን ለመለካት እንዳይሞክሩ። ሰሌዳው መደበኛ ሰሌዳ ነው፤ የታጠፈው ኤክሱ ነው። ሸራውን ከ0 እስከ 1 ይያዙና እጥፋቱን 0.62 ላይ ያድርጉ። የፒክሰሉን ከእጥፋቱ ርቀት ምልክቱን አጥፍተው በ0.05 ያካፍሉ፣ 1 ይደምሩ፣ ሎግ ያውጡ፣ በ6 ያባዙ፣ መጨረሻ ላይ ግራ ከሆነ የመቀነስ ምልክቱን ይመልሱለት። ከግራም ከቀኝም በድምሩ 28 ዓምድ ያህል ይወጣል። ዋዩን በ12 ያባዙ። የሁለቱን ፍሎር ደምረው በሞድ ለ2 ሲያካፍሉ ትርፉ 0 ከሆነ ጥቁር፣ 1 ከሆነ ነጭ። ከጃቫስክሪፕት ለመጣ ሰው ይህ ደስ ይላል፦ እዚያ የ−1 ትርፍ ለ2 ሲካፈል −1 ነው፣ ጂኤልኤስኤል ሞድ ግን 1 ይመልሳል፤ ከእጥፋቱ በስተግራ ያለው ሰሌዳ ሳይዛነፍ ይቀጥላል።

ከ0.05 ጋር ይጫወቱ፤ ሥዕሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። በ6 ሲያካፍሏት 0.0083 ትሆናለች፤ ይህም እጥፋቱ አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ዓምድ ወርድ ግምት ነው፣ 1080 ፒክሰል ባለው ሸራ 9 ፒክሰል ገደማ። ወደ 0.005 ካወረዷት ከአንድ ፒክሰል በታች ይሆንና ሰሌዳው ላይ የሌሉ የሚንቀሳቀሱ ጥለቶች ይፈጠራሉ፤ ፒክሰሉ በመሃሉ ያለውን ብቻ ስለሚያይ አንዱን ዓምድ ይዞ ሌላውን ይስታል። ጠርዙን ለማለስለስ ከፍሎር ይልቅ የታጠፈውን ኤክስ በፓይ አባዝተው ሳይኑን፣ የዋዩንም እንዲሁ፣ ሁለቱን አባዝተው በስሙዝስቴፕ ዜሮ ላይ ይቁረጡ። የፒክሰሉን ስፋት እዚህ ጋ በእጅ ማስላት አይቻልም፣ ከቦታ ቦታ ይለያያልና፤ ኤፍዊድዝ የሚባለው ፈንክሽን ቁጥሩ ከአንዱ ፒክሰል ወደ ጎረቤቱ ስንት እንደሚለወጥ ይነግርዎታል። ሳጥኖች በጥግ በሚገናኙበት ቦታ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ በማክስ ከ0.0001 በታች እንዳይወርድ ያድርጉት። እጥፋቱ እንዲንቀሳቀስ ካደረጉ ዝግ ይበል። ጥቁርና ነጭ በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ስክሪን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያዎችም ገደቡን እዚያው ላይ ነው ያስቀመጡት።

አራተኛው ጌኦርግ ኔስ በ1960ዎቹ መጨረሻ በኮምፒውተር የሠራው «ጠጠር» ነው፦ ወደ ጎን 12፣ ወደ ታች 22 ካሬ፤ የላይኛው ረድፍ ሥርዓት የያዘ፣ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየዞሩና እየተበተኑ የሚሄዱ። እስካሁን የለመዱት ፍራክት እዚህ ይከዳዎታል። ካሬው ዞሮ ከሳጥኑ ሲወጣ ጥጉ በመቀስ እንደተቆረጠ ይቀራል፤ የጎረቤቱ ሳጥን ፒክሰሎች የሚጠይቁት ስለራሳቸው ካሬ ብቻ ነዋ። እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱንና በዙሪያው ያሉትን ስምንት ሳጥኖች፣ በጠቅላላው ዘጠኙን ይጠይቅ፤ ከዘጠኙ ርቀቶች ትንሹን ይያዝ። ይህ ከሳጥኑ መሃል እስከ 1.5 ሳጥን ድረስ ለሚዘረጋ ቅርጽ ይበቃል። በሰያፍ የዞረ ካሬ ጥጉ 0.707 ላይ ነው፤ ስለዚህ እስከ 0.5 ቢገፉት እንኳ አይቆረጥም። መጀመሪያ መሃሉን ይቀንሱ፣ ከዚያ ያዙሩ፤ ተራው ከተገለበጠ ካሬዎቹ በራሳቸው መሃል መዞር ትተው ሸራውን ይዞራሉ። ለመስመር ብቻ፣ ከርቀቱ አብስ ላይ የመስመሩን ውፍረት ግማሽ ይቀንሱ። ሥርዓት ያለው ረድፍ ከታች ከወጣብዎ የዋይ አቅጣጫ ነገር ነው፣ ረድፉን ከ21 ላይ ይቀንሱት።

የሆነ ነገር ሲበላሽ ምን እንደሆነ ማወቂያው ቀለም ነው፤ ሼደር ውስጥ የሚያትሙበት ኮንሶል የለም። የተጠራጠሩትን ቁጥር ሦስቱም የቀለም ክፍሎች ውስጥ አስገብተው ያውጡት፤ ርቀት ከሆነ በ10 አባዝተው ፍራክቱን ያሳዩ፣ እንደ ካርታ የከፍታ መስመሮች ይዘረጋልዎታል፣ የት ላይ እንደተዛነፈ ወዲያው ይታያል። የሌላ ሰው ረጅም ኮድም የሚነበበው እንዲሁ ነው፦ ቁጥሮቹን ትተው የመጨረሻዋን መስመር በመሃል ባለ አንድ ቁጥር ይተኩ፣ ወደ ላይ እየወጡ አንድ በአንድ ይመልከቱ። እዚህም እዚያም የተረጩ ጥቁር ነጥቦች ካዩ በዜሮ አካፍለዋል፣ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ስር ወይም ኃይል አውጥተዋል።

ስለ ስልኩ፣ ከተገለበጠው ስሙዝስቴፕ ሌላ ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው የቁጥር ጥራት ነው። የራስዎ ገጽ ላይ ሼደሩ አናት ሚዲየምፒ የሚል ከሆነ፣ ብዙ ስልኮች በ16 ቢት ያሰሉታል፤ በ16 ቢት ከ1024 በላይ ግማሽ የሚባል ነገር የለም፣ 1080.5 አይያዝም። ኮምፒውተር ግን በ32 ቢት ስለሚያሰላ ምንም አያሳይም። ሃይፒ ብለው ይቀይሩት። ሳይኑን በ43758 ምናምን አባዝቶ ፍራክት የሚወስደው ዝነኛ ሃሽም በዚሁ ይታመማል፤ የየጂፒዩው (የግራፊክስ ቺፑ) ሳይን በጥቂቱ ይለያያል፣ ማባዣው ያንን ልዩነት ያገዝፈዋል። ዌብጂኤል 2 ላይ በሙሉ ቁጥር የሚሠራ ሃሽ ይጠቀሙ። ሁለተኛው ተጠርጣሪ፣ ለሼደሩ የላኩት የስክሪን መጠን በገጹ ስታይል የተለካ ሲሆን ነው፤ ፍራግኮርድ የሚቆጥረው እውነተኛ ፒክሰል ስለሆነ በስልክ ላይ ሥዕሉ ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። የካንቫሱን እውነተኛ ወርድና ቁመት ይላኩ።

ሒሳቡን በተመለከተ ከላይ ያለውን ሁሉ መልሰው ቢቆጥሩት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል፣ የማካፈል ትርፍ፣ ሳይን፣ አንድ ጊዜ ኃይል፣ አንድ ጊዜ ሎግ፣ ለማዞር ደግሞ ሳይንና ኮሳይን ነው። ሌንግዝ የፓይታጎረስ ሕግ ነው። ማትሪክስ እስኪያጠኑ አይጠብቁ።

ሥራዎን ሲያሳዩ ከየትኛው ሥዕል እንደተነሡ ይጻፉ። ካንዲንስኪ የሞተው በ1944 ስለሆነ የቅጂ መብቱ ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሚቆጠርባቸው አገሮች አልፏል፤ የአልበርስ አላለፈም፣ ራይሊ ደግሞ በሕይወት ያለች ሠዓሊ ናት። የሁለቱን ሥራ እየሠሩ መማርና ቅጂውን መሸጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ግራፊክስ ካርድ አይግዙ። ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ጂፒዩ ለአራቱም ሥራ ይበቃል። ዘጠኝ ሳጥን የሚጠይቀው «ጠጠር» ከከበደው መስኮቱን ወደ 400 በ400 ያሳንሱት፤ 160,000 ፒክሰል ብቻ ይቀራል፣ ከሙሉው ስክሪን 13 እጥፍ ያነሰ ሥራ ነው። ሁሉንም ነገር ከቁመቱ ጋር አያይዘው ስለጻፉት መስኮቱን መልሰው ሲያሰፉት ኮዱ ላይ የሚነካ ቁጥር አይኖርም።